ጉስታቭ ዛንደር

ዮናስ ጉስታቭ ቪልሄልም ዛንደር (እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1835 – ጁን 17 ቀን 1920) የስዊድን ሐኪምና የአካል ብቃት ማሽኖች ፈልሳፊ ነበር። በተጠቃሚው አቅም ልክ ክብደታቸው የሚስተካከል ማሽኖችን ሠርቶ ሕመምተኞችን በእነርሱ በማከም ይታወቃል። ዘዴው ሜካኖቴራፒ ወይም «በማሽን የሚሰጥ ሕክምና» ይባላል። ዛሬ በየጂሙ የሚታዩት የእግር መግፊያ፣ የክንድ መሳቢያ፣ የሆድና የጀርባ ማጠንከሪያ ማሽኖች ብዙዎቹ በሐሳብም በአሠራርም ከዛንደር ሥራ ጋር ይዛመዳሉ። ልዩነቱ ዛንደር ማሽኖቹን የሠራው ጡንቻን ለማሳበጥ ሳይሆን የታመመን ለመፈወስና ተቀምጦ የሚውልን ሰው ከሕመም ለመጠበቅ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ዛንደር የተወለደው በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ነው። ባደገበት ዘመን በአገሩ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚጠራው ስም የፔር ሄንሪክ ሊንግ (1776 – 1839) ነበር። ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም ማዕከላዊ የጂምናስቲክ ተቋምን ያቋቋመ ሰው ሲሆን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን በአራት ከፍሎ ነበር፤ እነርሱም ለትምህርት፣ ለውትድርና፣ ለሕክምናና ለውበት የሚሰጡ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ከአራቱ በዓለም ላይ ይበልጥ የታወቀው የሕክምናው ክፍል ሲሆን «የስዊድን ጂምናስቲክ» እየተባለ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

በሊንግ ዘዴ ሕክምናው የሚሰጠው በባለሙያው እጅ ነበር። ሕመምተኛው ክንዱን ሲያጥፍ ባለሙያው ክንዱን ይዞ በመጠኑ ወደኋላ ይስበዋል። ሕመምተኛው እግሩን ሲዘረጋ ባለሙያው እንዳይዘረጋ በልኩ ይከለክለዋል። ከዚህም ሌላ ማሸት፣ መምታት፣ ማንቀጥቀጥና መገጣጠሚያን ማንቀሳቀስ የሕክምናው ክፍል ነበሩ። ወጌሻ በእጁ የሚሠራውን የሚያውቅ አንባቢ ሥራው ምን ያህል ጉልበትና ልምድ እንደሚጠይቅ ለመገመት አይቸገርም።

ዛንደር ይህን ዘዴ በወጣትነቱ ተማረ። በ1850ዎቹ መጨረሻም በበርቢ በሚገኝ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ጂምናስቲክ ያስተምር ነበር። በሥራው ላይ ያጋጠመው ችግር ቀላል ግን ማምለጫ የሌለው ነበር፤ በሊንግ ዘዴ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ ተማሪዎቹ ብዙ ሲሆኑ ደግሞ የአንድ አስተማሪ እጅ አይበቃም። ስለዚህ የአስተማሪውን እጅ የሚተኩ መሣሪያዎችን መሞከር ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሕክምና ትምህርቱን በ1860ዎቹ መጀመሪያ አጠናቀቀ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ የጀመረውን ሐሳብ ግን አልተወውም፤ የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ።

የእጅ ሕክምና ጉድለት

ዛንደር የሊንግን መሠረታዊ ሐሳብ አልተቃወመም። እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው የሚለውን ሙሉ በሙሉ ተቀብሏል። የተቃወመው የመድኃኒቱን አለካክ ነው። አንድ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ መጠኑን በግራም ይጽፋል፤ መድኃኒት ቀማሚውም በሚዛን ለክቶ ይሰጣል። የጂምናስቲክ ባለሙያ ግን የሚሰጠው ግፊት ምን ያህል እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ጠዋት ሲጀምር ብርቱ ነው፣ ማታ ደክሟል። ዛሬ የሚያክመውና ነገ የሚያክመው ባለሙያ የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ ሕመምተኛው የሚያገኘው መጠንም የተለያየ ይሆናል። ስለሆነም ሕመምተኛው በርትቶ ከሆነ በስንት እንደበረታ ማወቅ አይቻልም።

ማሽን ግን አይደክምም፤ ትናንት የሰጠውን ግፊት ዛሬም ያንኑ ይሰጣል። ሐኪሙ መጠኑን በቁጥር ማዘዝ፣ ሕመምተኛው ሲበረታ ቁጥሩን መጨመር፣ ሲደክም መቀነስ ይችላል። የዛንደር ሥራ በሙሉ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። በእርሱ አመለካከት አንድ ማሽን ለሕፃንም፣ ለአረጋዊም፣ ለብርቱ ሠራተኛም ማገልገል ነበረበት፤ ለእያንዳንዳቸው ግን የሚሰጠው ሸክም የየራሳቸው ነው።

የማሽኖቹ አሠራር

አብዛኞቹ የዛንደር ማሽኖች የሚሠሩት በመፈንቅል ሕግ ነው። በማሽኑ ላይ አንድ ረዥም የብረት ዘንግ አለ። ዘንጉ በመደገፊያ ላይ ይዞራል፤ በላዩም ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ክብደት ተሰክቷል። ክብደቱ ወደ መደገፊያው ሲቀርብ ሸክሙ ይቀላል፣ ሲርቅ ይከብዳል። ለምሳሌ አንድ 5 ኪሎ ግራም ክብደት ከመደገፊያው 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥና ከዚያ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ቢገፋ፣ ክብደቱ ሳይለወጥ ለተጠቃሚው የሚሰማው ሸክም እጥፍ ይሆናል። አሠራሩ በአንድ ጫፉ ዕቃ ተንጠልጥሎ በሌላው ላይ ክብደት እየተንሸራተተ ከሚመዝን የዱሮ ሚዛን ጋር አንድ ነው።

በዘንጉ ላይ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ሐኪሙ በካርድ ላይ የማሽኑን ምልክትና የቁጥሩን መጠን ይጽፋል፤ ረዳቱ ክብደቱን በተጻፈው ቁጥር ላይ ያስረዋል። የመቀመጫው ከፍታና የመያዣው ርቀትም እንደ ሰውየው ቁመት ይስተካከል ነበር።

የዛንደር ዋናው ግኝት ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። የሰው ጡንቻ ኃይል በእንቅስቃሴው ሁሉ እኩል አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ቴዎዶር ሽቫን በ1830ዎቹ ባደረገው ምርመራ፣ ጡንቻ እየተኮማተረ በሄደ መጠን የመሳብ ኃይሉ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። በሌላ በኩል አጥንትና መገጣጠሚያም እንደ መፈንቅል ስለሚሠሩ፣ መገጣጠሚያው የሚታጠፍበት ማዕዘን ሲለዋወጥ የጡንቻው ጉልበት የሚሰጠው ውጤት ይለዋወጣል። ክንዱን ለሚያጥፍ ሰው አጀማመሩ፣ መካከሉና መጨረሻው እኩል የማይከብደው ለዚህ ነው።

አንድ ሰው በእጁ ተራ ክብደት ቢያነሳ የክብደቱ መጠን ይህን ለውጥ አይከተልም። ስለዚህ ጡንቻው በሚደክምበት ቦታ ከአቅም በላይ፣ በሚበረታበት ቦታ ደግሞ ከአቅም በታች ይሆንበታል። ዛንደር ዘንጉን ከመያዣው ጋር በተመረጠ ማዕዘን አገናኘው። ዘንጉ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ሸክሙ ከፍተኛ ነው። ወደላይ እየተነሳ በሄደ ጊዜ ይቀንሳል፤ 60 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግማሽ ብቻ ይቀራል። ማዕዘኑ በትክክል ከተመረጠ ሸክሙ ጡንቻው ብርቱ በሆነበት ቦታ ይጨምራል፣ በደከመበትም ቦታ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ማሽኑ ለሰውየው በሁለት መንገድ ይስማማል። አንደኛ፣ በቁጥሩ አማካይነት ለአጠቃላይ አቅሙ፤ ሁለተኛ፣ በዘንጉ ማዕዘን አማካይነት ለእያንዳንዱ የእንቅስቃሴ ደረጃ።

የስቶክሆልም ተቋም

ዛንደር የሕክምናና የማሽን ጂምናስቲክ ተቋሙን በስቶክሆልም በ1865 መጀመሪያ ላይ ከፈተ። ሲከፈት 27 ማሽኖች ነበሩት። ማሽኖቹ እየተጨመሩና እየተሻሻሉ ሄደው በኋለኞቹ ዓመታት ከ70 በላይ ዓይነቶች ደረሱ። አመራረታቸው በስቶክሆልም በሚገኘው በጎራንሰን የብረታ ብረት ፋብሪካ ነበር። ብረቱና እንጨቱ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ፣ ወንበሩ በጨርቅ ወይም በቆዳ የተለበጠ ስለነበር ከሆስፒታል ዕቃ ይልቅ የትልቅ ሰው ቤት ዕቃ ይመስላል። ከዘመኑ የተረፉት ፎቶግራፎች ወንዶች ሙሉ ልብስ ከነክራቫታቸው፣ ሴቶችም ረዥም ቀሚሳቸውን እንደለበሱ በማሽኖቹ ላይ ተቀምጠው ያሳያሉ። ይህም ሕክምናው ሰውን እስኪያልበው የሚያደክም እንዳልነበረ ያመለክታል።

አንድ ሕመምተኛ ወደ ተቋሙ ሲመጣ በመጀመሪያ ሐኪም ይመረምረዋል። ከምርመራው በኋላ ማሽኖቹ በቅደም ተከተል የተጻፉበት ካርድ ይሰጠዋል። ሕመምተኛው ካርዱን ይዞ ከማሽን ወደ ማሽን ይዘዋወራል፤ ለልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች የታዘዙትን እንቅስቃሴዎች እየፈራረቀ ይሠራል፤ በመካከልም ያርፋል። ካርዱ በየጊዜው እየታየ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። ዛሬ የአካል ብቃት አሠልጣኞች ለደንበኞቻቸው የሚያወጡት የሥራ ዝርዝር አጻጻፉ ከዚህ ካርድ ብዙም አይለይም።

የማሽኖቹ ዓይነቶች

ዛንደር ማሽኖቹን በላቲን ፊደላትና በቁጥሮች ለይቷቸዋል። ዋናዎቹ ምድቦች የሚከተሉት ነበሩ።

ኤ — ሕመምተኛው በራሱ ጉልበት የሚሠራቸው የክንድ እንቅስቃሴዎች
ቢ — በራሱ ጉልበት የሚሠራቸው የእግር እንቅስቃሴዎች
ሲ — በራሱ ጉልበት የሚሠራቸው የወገብና የደረት እንቅስቃሴዎች
ዲ — ሚዛን የመጠበቅ እንቅስቃሴዎች
ኢ — ማሽኑ ራሱ የሕመምተኛውን አካል የሚያንቀሳቅስባቸው
ኤፍ — የሚያንቀጠቅጡ
ጂ — የሚመቱ
ኤች — የሚያሹ፣ በተለይም ሆድን
ጄ — የሚዳብሱ
ኬ እና ኤል — የተጣመመ የጀርባ አጥንትን ለማቃናት የሚያገለግሉ

ከኤ እስከ ሲ ያሉት የሚንቀሳቀሱት በተጠቃሚው ጉልበት ብቻ ነው። ማሽኑ ራሱ ለሚሠራባቸው ምድቦች ግን ኃይል ያስፈልጋል። በስቶክሆልም ተቋም ይህ ኃይል ይገኝ የነበረው ከእንፋሎት ሞተር ሲሆን፣ ወደ ማሽኖቹ የሚደርሰው በዘንግና በቺንጊያ አማካይነት ነበር። በኋላ የኤሌክትሪክ ሞተር የእንፋሎቱን ቦታ ወሰደ።

በሕዝብ ዘንድ ከሁሉ የታወቀው ኤፍ 2 የሚባለው ማሽን ነው። ኮርቻ ያለው ሲሆን የሚጋልብ ፈረስን እንቅስቃሴ ይኮርጃል። ፈረስ ግልቢያ ለምግብ መፈጨትና ለደም ዝውውር ጠቃሚ ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን፣ ፈረስ የሌለው ወይም ከፈረስ መውደቅ የሚፈራ የከተማ ሰው በክፍል ውስጥ እንዲጋልብ አስችሏል።

ሕክምናው ለማን ነበር

በተቋሙ ይታከሙ ከነበሩት መካከል የመገጣጠሚያ ድርቀት፣ የጀርባ አጥንት መጣመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የልብና የደም ዝውውር ችግር ያለባቸው ይገኙበታል። የተሰበረ አጥንታቸው ተጠግኖ ጡንቻቸው የሰለለባቸውም ይመጡ ነበር። ከእነዚህ በተጨማሪ ዛንደርና ተከታዮቹ ያላመማቸውን ሰዎችም ይጋብዙ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከተሞች እያደጉ፣ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚውለው ጸሐፊና ነጋዴ እየበዛ ሄዷል። ዛንደር እንዲህ ያለው ኑሮ ራሱ የሕመም ምንጭ እንደሆነና በየዕለቱ በሚደረግ ልከኛ እንቅስቃሴ መከላከል እንደሚቻል ያስተምር ነበር። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ የተለመደ ቢሆንም በዘመኑ አዲስ ነበር።

ሆኖም ዘዴው ያድናል ተብሎ የተነገረለት ሁሉ አልጸናም። መንቀጥቀጥና መመታት የውስጥ ደዌን ይፈውሳል የሚለው እምነት በኋላ የመጣው ሕክምና ያልደገፈው ነው። በሌላ በኩል የደረቀ መገጣጠሚያንና የሰለለ ጡንቻን በተለካና ቀስ በቀስ በሚጨምር ሸክም ማሠራት እስከ ዛሬ የፊዚዮቴራፒ መሠረት ነው።

ተቃውሞ

የዛንደር ሥራ በአገሩ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። በሊንግ ተከታዮች ዓይን የሰው እጅ የሕመምተኛውን ሁኔታ ይሰማል፤ ሲያመው ይላላል፣ ሲበረታ ይጠብቃል። ማሽን ግን ስሜት የለውም፤ ለሁሉም ያንኑ ያደርጋል። የዛንደር ወገን በበኩሉ የእጅን ስሜት የማይታመን መለኪያ ይለው ነበር። ክርክሩ የዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ የእንጀራም ጉዳይ ነበረበት። አንድ ረዳት ብዙ ማሽኖችን መቆጣጠር ከቻለ ብዙ የጂምናስቲክ ባለሙያ ሥራ ያጣል። ከዚህም ሌላ በስዊድን በሐኪሞችና ሐኪም ባልሆኑ የጂምናስቲክ ባለሙያዎች መካከል ሕክምናውን ማን ይምራ የሚል የቆየ ፉክክር ነበር። ዛንደር ሐኪም ስለነበረ ሥራው ለሐኪሞቹ ወገን ኃይል ሰጠ።

የሙያ ባልደረቦቹ አመለካከት ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1880 በካሮሊንስካ ተቋም የሕክምና ጂምናስቲክ መምህር ሆኖ ተሾመ።

በዓለም መስፋፋት

በ1876 በአሜሪካ ፊላደልፊያ የአገሪቱን መቶኛ ዓመት ነፃነት ለማክበር በተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የዛንደር ማሽኖች ቀርበው ሽልማት አገኙ። ከዚያ በኋላ ተቋሞቹ በአውሮፓ፣ በሩሲያና በአሜሪካ ከተሞች መከፈት ጀመሩ። በለንደን፣ በኒው ዮርክና በቦነስ አይረስ ተከፍተዋል። በጀርመን ባደን ባደንና በፈረንሳይ ኤክስ ሌ ባን የሚገኙት የታወቁ የፍልውኃ ቦታዎች ለእንግዶቻቸው የዛንደር አዳራሽ አዘጋጁ። በሩሲያ ካውካሰስ በምትገኘው በየሰንቱኪ የተከፈተው በ1902 ነበር። እስከ 1911 ድረስ የዛንደር ማሽኖች ያሏቸው ተቋሞች በ202 ከተሞች እንደነበሩ ይነገራል።

ከየብስ አልፈውም ወደ ባሕር ወጥተዋል። በ1912 የሰጠመችው ታይታኒክ መርከብ በላይኛው ወለሏ ላይ የጂምናስቲክ ክፍል ነበራት። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት የኤሌክትሪክ ፈረስና የኤሌክትሪክ ግመል፣ የዛንደርን ዓይነት ማሽኖች ይሠራ ከነበረው በጀርመን ቪስባደን ከሚገኘው ከሮሰል ሽቫርትስ ድርጅት የመጡ ናቸው። በ1920ዎቹ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ በዋይት ሀውስ ውስጥ የሚጋልቡት የኤሌክትሪክ ፈረስ ነበራቸው፤ ይህም ፈረስ የኤፍ 2 የቅርብ ዘመድ ነበር።

የጀርመን ሠራተኞችና የጉዳት ካሳ

የዛንደር ማሽኖች ከፍልውኃ ቤቶች ውጭ ከሁሉ ይበልጥ የተስፋፉት በጀርመን ሲሆን ምክንያቱ ሕግ ነበር። በ1884 የወጣው የአደጋ መድን ሕግ በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ አሠሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ካሳ እንዲከፍሉ አስገደደ። ከመጀመሪያዎቹ 13 ሳምንታት በኋላ ወጪውን የሚሸከመው የአሠሪዎቹ ማኅበር ነበር። ፈጽሞ መሥራት ለማይችል ሰው የሚከፈለው የደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ሲሆን፣ በከፊል ለተጎዳ ደግሞ እንደጉዳቱ መጠን በመቶኛ እየታሰበ ይሰጠው ነበር።

በዚህ ምክንያት ማኅበራቱ ሠራተኛው ቶሎ እንዲድን ትልቅ ጥቅም አገኙበት። በ1890 በቦኹም ከተማ ለማዕድን ቆፋሪዎች የተከፈተው በርግማንስሃይል ለአደጋ ተጎጂዎች ብቻ ከተቋቋሙት ሆስፒታሎች በዓለም የመጀመሪያው ነው። በእንዲህ ዓይነት ተቋሞች የማሽን ጂምናስቲክ የሕክምናው አካል ሆነ። የተሰበረ እግር ከጄሶ ሲወጣ የደረቀውን ጉልበት ለማላላት፣ የሰለለውን ጭን ለማጠንከር ማሽኖቹ በእርግጥ ይጠቅሙ ነበር።

ነገር ግን ማሽኑ ሌላ ሥራም ተሰጠው። ቁጥር ስላለው የሰውየውን ጉልበት ለመመዘን ይቻላል። ትናንት ቁጥር 3 ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ዛሬ 6 ላይ ከሠራ ድኗል ማለት ነው፤ ከዳነ ደግሞ ካሳው ይቀንሳል። ቁጥሩ ካልጨመረ ሰነፍ ነው ወይም ያስመስላል የሚል ጥርጣሬ ይነሳበታል። ስለዚህ ሠራተኞቹ እነዚህን ቦታዎች አጥንት መፍጫና ጡረታ መጭመቂያ እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። በባደን ባደን ሀብታሙ እንግዳ በፈቃዱ ገንዘብ ከፍሎ የሚቀመጥበት ዓይነት ማሽን፣ ለማዕድን ቆፋሪው ግዴታና ፍርድ ነበር። ዛንደር ቁጥሩን ያስገባው ሸክሙ ለሰውየው እንዲስማማ ብሎ ነው፤ በዚህ ቦታ ግን ቁጥሩ በሰውየው ላይ መመስከሪያ ሆነ።

ሌሎች ፈልሳፊዎች

የዛንደር ሐሳብ ሌሎችንም አነሳስቷል። በጀርመን ኸርማን ክሩከንበርግ በፔንዱለም የሚሠሩ መሣሪያዎችን ሠራ፤ የሚወዛወዘው ክብደት የደረቀውን መገጣጠሚያ ቀስ በቀስ እየገፋ ይከፍተዋል። እነዚህ ከዛንደር ማሽኖች ይልቅ ርካሽና ትንንሽ ስለነበሩ በብዙ ሆስፒታሎች ተወደዱ። በቪየና ማክስ ኸርትስ የጡንቻን ኃይል መለዋወጥ ለመከተል ከዘንግ ይልቅ ክብ ያልሆነ ጎማ ተጠቀመ። በአሜሪካ ደግሞ ከ1879 ጀምሮ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን ሄመንዌይ ጂምናዚየም የመራው ዱድሊ አለን ሳርጀንት፣ ደካማውም ብርቱውም ተማሪ በየአቅሙ እንዲሠራ በገመድ፣ በፑሊና በሚጨመሩ ክብደቶች የተሠሩ መሣሪያዎችን አስፋፋ።

የመጨረሻ ዓመታትና የዘዴው መዳከም

አንደኛው የዓለም ጦርነት (1914 – 1918) ሜካኖቴራፒን ለመጨረሻ ጊዜ በሰፊው ሥራ ላይ አዋለው። እጅና እግራቸው የተጎዳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደ ሆስፒታል ሲጎርፉ በየአገሩ የማሽን አዳራሾች ተቋቋሙ። በፓሪስ ታላቁ የኤግዚቢሽን ሕንፃ ግራን ፓሌ ወደ ወታደራዊ ሆስፒታል ተለውጦ በማሽን የሚሰጥ ሕክምና ይካሄድበት ነበር። በእንግሊዝ የሠራው ካናዳዊው ሐኪም ታይት ማከንዚ ግን ውድ ከሆኑት ማሽኖች ይልቅ በቀላሉ የሚሠሩ መሣሪያዎችን መረጠ።

ዛንደር በጁን 1920 በ85 ዓመት ዕድሜው በተወለደባት በስቶክሆልም አረፈ። በዚያን ጊዜ ዘዴው መዳከም ጀምሮ ነበር። ለዚህ በርካታ ምክንያቶች አሉ። ማሽኖቹ ውድና ከባድ ስለሆኑ ትልቅ አዳራሽ ይፈልጋሉ፤ ጥገናቸውም ወጪ አለው። በአንጻሩ በጦርነቱ ወቅት የሠለጠኑ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ቁጥር በመጨመሩ በእጅ የሚሰጠው ሕክምና እንደገና ተስፋፋ። ሐኪሞችም ሕመምተኛው በማሽን ከሚንቀሳቀስ ይልቅ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሥራውን እየሠራ፣ ዕቃ እያነሳ ቢለማመድ ለኑሮው ይበልጥ ይጠቅመዋል ማለት ጀመሩ። በየከተማው የነበሩት አዳራሾች አንድ በአንድ ተዘጉ።

ከዛንደር በኋላ

ለተጠቃሚው የሚስማማ ማሽን የመሥራት ሐሳብ ግን አልጠፋም። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ፍጥነትን የሚቆጣጠሩ ማሽኖች ተሠሩ። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የተንጠለጠለ ክብደት የለም፤ ማሽኑ እንቅስቃሴው ከተወሰነ ፍጥነት እንዳያልፍ ይገድባል። ተጠቃሚው በኃይል ሲገፋ ማሽኑም በዚያው ልክ ይቋቋማል፤ ሲያመው ወይም ሲደክመው ቢያቆም ሸክሙ ወዲያው ይጠፋል። የዛንደር ተቃዋሚዎች የሰው እጅ ብቻ ያደርገዋል ያሉትን ማሽን ማድረግ የቻለው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1970 ደግሞ አሜሪካዊው አርተር ጆንስ (1926 – 2007) ኖቲለስ የተባሉትን ማሽኖች ለገበያ አቀረበ። ማሽኖቹ ስማቸውን ያገኙት ቀንድ አውጣ ከሚመስለው የባሕር እንስሳ ቅርፊት ነው። ሰንሰለቱ የሚጠመጠምበት ጎማ ክብ ሳይሆን እንደዚያ ቅርፊት የተጠማዘዘ ነው። ጎማው ሲዞር ከመካከሉ እስከ ሰንሰለቱ ያለው ርቀት ስለሚለዋወጥ፣ ሸክሙ የጡንቻውን ኃይል እየተከተለ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ዓላማው ዛንደር ከ100 ዓመት በፊት በዘንግና በማዕዘን የፈለገው ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ተጨመረበት። የልብ ምትን እየለኩ ፍጥነታቸውን የሚያስተካክሉ ትሬድሚሎችና ብስክሌቶች፣ በክብደት ምትክ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩና የተጠቃሚውን ጉልበት ለክተው ሸክሙን ራሳቸው የሚወስኑ ማሽኖች አሉ። በዛንደር አዳራሽ ሐኪሙ በካርድ ላይ ይጽፈው የነበረውን ቁጥር ዛሬ ማሽኑ ራሱ ያወጣል፤ ያስቀምጣልም። የተለካው ቁጥር ለማን ይደርሳል፣ ለምንስ ይውላል የሚለው የጀርመን ሠራተኞች ጥያቄም ከማሽኖቹ ጋር አብሮ ወደ ዛሬ መጥቷል።

ቅርስ

ከዛንደር ማሽኖች ጥቂቶቹ ተርፈዋል። በስቶክሆልም የሚገኘው የቴክኒክ ሙዚየም የማሽኖቹንና የአጠቃቀማቸውን ፎቶግራፎች ያስቀምጣል። በየሰንቱኪ የሚገኘው የዛንደር ተቋም ሕንፃ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በውስጡም ከጥንቶቹ ማሽኖች የተረፉ አሉ። በሕክምና ታሪክ ዛንደር የሚታወሰው የሰውነት እንቅስቃሴን እንደ መድኃኒት መጠን ሊሰጠው በመሞከሩ ነው። በስፖርት ታሪክ ደግሞ የዘመናዊው ጂም አባቶች ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።